ሕመምን በእንግሊዝኛ ለመናገር የበሽታ ስም መሸምደድ ለምን አይበቃም?

ጠያቂዬ ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። በርካታ የበሽታ ስሞችን በእንግሊዝኛ አጥንተዋል፤ ይሁን እንጂ ሆዳቸውን አሟቸው እንግሊዝኛ ብቻ ከሚናገር ሐኪም ፊት በቀረቡ ጊዜ ካጠኗቸው ስሞች አንዱም አልደረሰላቸውም። ሐኪሙ ሕመሙ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረና ወዴት እንደሚዛመት ሲጠይቋቸው «ስተመክ፣ ስተመክ» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኙም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃሉ፦ ተጨማሪ ስሞች ላጥና ወይ? «ሲክ»፣ «ኢል»፣ «ፔይን»፣ «ኤይክ» እና «ኸርት» የሚባሉት ቃላት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ብቻዬን ሆኜስ እንዴት ልለማመድ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለኝ መልስ «ለጊዜው አያጥኑ» የሚል ነው። የሕክምና እንግሊዝኛ በማስተምርበት ጊዜ ሁሉ የማስተውለው ነገር ቢኖር፣ ተማሪዎች በብዛት የሚሸመድዱት የሐኪሙን ቃላት እንጂ የታማሚውን ቃላት አለመሆኑን ነው። የበሽታ ስም ምርመራው ካለቀ በኋላ የሚደረስበት ውጤት ነው፤ ታማሚው ይዞ የሚቀርበው ግን የሚሰማውን ስሜት፣ ሕመሙ ያረፈበትን ቦታ፣ የቆየበትን ጊዜና የሚያባብሰውን ነገር ነው። «አፔንዲሳይተስ» የሚለውን ቃል አሳምሮ የሚጠራ ሰው ለሐኪሙ የነገረው የራሱን ግምት ነው። «ሕመሙ እምብርቴ አካባቢ ጀመረና ኋላ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታችኛው ሆዴ ወረደ» የሚል ሰው ግን የበሽታውን ስም ጨርሶ ባያውቅም፣ ሐኪሙ ትርፍ አንጀትን እንዲጠረጥር የሚያደርገውን ዋና ፍንጭ ሰጥቷል። ይህንኑ በእንግሊዝኛ «ኢት ስታርትድ አራውንድ ማይ ቤሊ በተን፣ ዘን ኢት ሙቭድ ዳውን ቱ ዘ ራይት» ለማለት የሚያስፈልጉት ቃላት ደግሞ ከጀማሪ ተማሪ የሚያልፉ አይደሉም።

እንግዲያው ችግሩ የቃላት ማነስ ብቻ ካልሆነ ምንድን ነው? በእኔ ግምት ትልቁ መሰናክል የዐረፍተ ነገሩ አቀማመጥ ነው። በአማርኛ ሕመሙ ባለቤት ይሆናል፣ ሰውየው ደግሞ ተሳቢ ይሆናል። «ያመኛል»፣ «ያዞረኛል»፣ «ያስለኛል»፣ «ያቅለሸልሸኛል»፣ «ያሳክከኛል»፣ «ብርድ ብርድ ይለኛል» ስንል አንድ ስሙ ያልተጠራ ነገር በእኛ ላይ ሥራውን ይሠራል፤ «ጉንፋን ያዘኝ» ስንልም ያዡ ጉንፋኑ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ይገለብጠዋል። ሰውየው ባለቤት ሆኖ ከፊት ይቀመጣል፤ ሕመሙም እርሱ ዘንድ ያለ ነገር ወይም እርሱ የሚሰማው ሁኔታ ይሆናል። ጉንፋኑን እንኳ የሚይዘው ሰውየው ነው፤ «አይ ኮት ኤ ኮልድ» የሚለው አባባል ቃል በቃል ቢወሰድ «ጉንፋን ያዝሁ» እንደማለት ነው። ይህ ግልበጣ ያልገባው ተማሪ «ኢት ኢዝ ኮፊንግ ሚ» ወይም «ማይ ሄድ ኢዝ ፔይኒንግ ሚ» ይላል፤ ደግ ሰሚ ካጋጠመው ይገባለት ይሆናል፣ ነገር ግን ጥያቄና መልሱ በፈጠነ ቁጥር መደናገሩ ይበረታል።

ግልበጣው ከገባ በኋላ አብዛኛው ነገር በሦስት የዐረፍተ ነገር ቅርጾች ይጠቃለላል። የመጀመሪያው በ«አይ ሃቭ» ይጀምርና ስም ያስከትላል፦ «አይ ሃቭ ኤ ሄዴይክ» ራሴን ያመኛል፣ «አይ ሃቭ ኤ ኮፍ» ያስለኛል፣ «አይ ሃቭ ኤ ሶር ስሮት» ጉሮሮዬን ያመኛል፣ «አይ ሃቭ ኤ ራሽ» ሽፍታ ወጥቶብኛል። ሁለተኛው በ«አይ ፊል» ይጀምርና ቅጽል ያስከትላል፦ «አይ ፊል ዲዚ» ያዞረኛል፣ «አይ ፊል ዊክ» አቅም አነሰኝ፣ «አይ ፊል ሲክ» ያቅለሸልሸኛል። ሦስተኛው የአካሉን ክፍል ከፊት ያስቀምጣል፦ «ማይ ባክ ኸርትስ» ጀርባዬን ያመኛል፣ «ማይ ስኪን ኢችስ» ቆዳዬን ያሳክከኛል፣ «ማይ አንክል ኢዝ ስዎለን» ቁርጭምጭሚቴ አብጧል። የትኛው ሕመም ወደ የትኛው ቅርጽ እንደሚሄድ በሎጂክ አይደረስበትም፤ ስለሆነም እያንዳንዱን ቃል ከቅርጹ ጋር አብሮ መያዝ ይገባል። «ዲዚ» ብቻውን የተጻፈበት ካርድ ዋጋው ትንሽ ነው፤ «አይ ፊል ዲዚ ዌን አይ ስታንድ አፕ» ተብሎ የተጻፈው ግን ከነአገልግሎቱ ይታወሳል። በዚህ ላይ «ኪፕ» የምትባለውን ግሥ እንዲጨምሩ እመክራለሁ፤ «አይ ኪፕ ኮፊንግ»፣ «አይ ኪፕ ዌኪንግ አፕ» በማለት የሚደጋገምብንን ነገር ሁሉ በአንዲት ቃል ለመግለጽ ታስችላለች።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ «ፔይን» ሰፊው ስም ነው፤ ከማንኛውም የአካል ክፍል ጋር ይሄዳል። «ኤይክ» ከረጋና ከማይለቅ ሕመም ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ እንደ ቅጥያ ተያይዞ የሚነገረው በዋነኛነት ከራስ፣ ከጥርስ፣ ከሆድ፣ ከጆሮና ከጀርባ ጋር ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው «ኒ ፔይን» ይላል፣ ደረቱን የሚያመውም «ቼስት ፔይን»። በዚህ ስሌት ልብ ላይ «ኤይክ» ጨምሮ «ሃርትኤይክ» ማለት ግን አይሞከርም፤ ቃሉ አለ፣ ትርጉሙ ግን የፍቅር ወይም የኀዘን ስብራት ነው፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚነገር ቃል አይደለም። «ኸርት» በመሠረቱ ግሥ ነው፤ «ማይ ሌግ ኸርትስ» ሲባል እግሬን ያመኛል ማለት ነው፣ «አይ ኸርት ማይ ሌግ» ሲባል ደግሞ እግሬን ጎዳሁት ማለት ነው። አንዱ ስሜትን፣ ሌላው አደጋን ስለሚናገር ሐኪሙ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ፈጽሞ የተለየ ይሆናል። «ሶር» ደግሞ የቆሰለን፣ የተቆጣን ወይም በሥራ ብዛት የዛለን አካል ይገልጻል፤ እንደ ስም ሲገባ በቆዳ ላይ የወጣ ቁስል ይሆናል።

«ሲክ» እና «ኢል» የሚለያዩት እንደ አገሩ ነው። በአሜሪካ እንግሊዝኛ «ሲክ» አጠቃላይ የመታመም ቃል ነው። በብሪታንያ ግን «አይ ዋዝ ሲክ ትዋይስ ኢን ዘ ናይት» የሚል ሰው ሌሊት ሁለት ጊዜ አስታወከኝ ማለቱ ነው፣ «አይ ፊል ሲክ» ሲልም ሊያስታውከኝ ነው ማለቱ ነው፤ አጠቃላይ ሕመሙን ለመግለጽ «ኢል» ወይም «አንዌል» ይላል። ከስም በፊት ሲገባ ደግሞ ሁለቱም አገሮች «ኤ ሲክ ቻይልድ» ይላሉ እንጂ «ኤን ኢል ቻይልድ» ማለት አይለመድም። በየትኛውም አገር የማያሳስት አነጋገር የሚፈልግ ሰው «አይ አም ኖት ፊሊንግ ዌል» ይበል፤ ለአሠሪም ለመምህርም ለሐኪምም ይሆናል።

ጠያቂዬ ባያነሡትም «ዲዚዝ» እና «ኢልነስ» የሚሉትን ጥንድ ቃላት መጥቀስ ይገባል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሊዮን አይዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ ታማሚዎች የሚሠቃዩት በ«ኢልነስ»፣ ማለትም በሚሰማቸው ሕመም እንደሆነ፣ ሐኪሞች መርምረው የሚያክሙት ግን «ዲዚዝን»፣ ማለትም በአካል ላይ የደረሰውን በሽታ እንደሆነ ለይተው አስቀምጠዋል። በዕለት ተዕለት ንግግር ልዩነቱ ይህን ያህል አይጠብቅም፤ ሆኖም «ሃርት ዲዚዝ» ይባላል እንጂ «ሃርት ኢልነስ» አይባልም፣ «መንታል ኢልነስ» ግን የተለመደ ነው። ስለ ራስዎ ሲናገሩ «አይ ሃቭ ኤ ዲዚዝ» ብሎ መጀመር ሰሚውን ያስደነግጣል፤ ከባድና ስም የወጣለት ነገር እንዳለብዎ አድርጎ ይወስደዋልና።

ዋናው የቃላት ሀብት ግን የሚገኘው የሕመምን ጠባይ በሚገልጹ ቃላት ዘንድ ነው። የሥነ ልቡና ሊቁ ሮናልድ ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 ይፋ ያደረጉት የማክጊል የሕመም መጠይቅ 78 የእንግሊዝኛ ቃላትን በ20 ቡድኖች ይዟል፤ ታማሚው ከየቡድኑ ሕመሙን የሚመስለውን ቃል ይመርጣል። ሰባ ስምንቱን መያዝ አያስፈልግም፤ እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው አሥር የማይሞሉትን ነው፣ ምክንያቱም አማርኛ ራሱ በዚህ በኩል ሀብታም ስለሆነ አቻውን ማግኘት አይቸግርም። ይወጋኛል ለማለት «ስታቢንግ»፣ ያቃጥለኛል ለማለት «በርኒንግ»፣ ትር ትር ይላል ለማለት «ስሮቢንግ»፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል ለማለት «ሹቲንግ»፣ ረጋ ብሎ ይጠዘጥዘኛል ለማለት «ኤይኪንግ» ወይም «ደል» ይባላል። ሲነኩት ብቻ የሚያም ከሆነ «ቴንደር» ይበሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው የሆድ ቁርጠት ላይ ነው። መቁረጥን ተከትለው «ከቲንግ» የሚሉ አሉ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በዚህ ቃል የሚረዳው በስለት የመቆረጥ ያህል የሰላ ሕመምን ነው። እየመጣ ጭምቅ አድርጎ የሚለቀው ቁርጠታችን «ክራምፕ» ነው፤ «አይ ሃቭ ስተመክ ክራምፕስ» ይባላል። ደረት ላይ ጫነኝ፣ አፈነኝ የሚል ሰው ደግሞ «ፔይን» የሚለው ቃል ባይመጣለትም «ማይ ቼስት ፊልስ ታይት» ወይም «ኢት ፊልስ ላይክ ፕሬሸር» ማለት አለበት። የልብ ድንገተኛ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በመውጋት ሳይሆን በመጫንና በመጨምደድ ስሜት ነውና፣ ይህችን ሐረግ ማወቅ ከሌላው ሁሉ ትቀድማለች።

አንድ የአማርኛ ቃል ሁለት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ቃላትን የሚሸፍንበት ቦታም አለ፤ ስሕተቱ በሰዋስው ሳይሆን በምርመራው ላይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ያዞረኛል» የሚለውን እንውሰድ። ቤቱ ከነዕቃው በዙሪያዬ ይሽከረከራል የሚል ሰውና ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ልወድቅ ነው የሚል ሰው ሁለቱም በአማርኛ «አዞረኝ» ይላሉ። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ዘ ሩም ኢዝ ስፒኒንግ» ይላል፣ ሐኪሙም ስለ ውስጠኛው ጆሮ ማሰብ ይጀምራል፤ ሁለተኛው «አይ ፊል ላይትሄዴድ» ወይም «አይ ፊል ፌይንት» ይላል፣ የሐኪሙም ሐሳብ ወደ ደም ግፊት፣ ወደ ልብ ምት፣ ወደ ደም ማነስ ያመራል። «ዲዚ» ሁለቱንም ስለሚችል ከ«ዲዚ» በኋላ አንዱን ጨምሮ ማብራራት ያስፈልጋል። «ድርቀት»ም እንዲሁ ነው፤ የሆድ ድርቀት የያዘው «አይ አም ኮንስቲፔትድ» ይላል፣ ሰውነቱ ፈሳሽ ያጣበት ግን «አይ አም ዲሃይድሬትድ» ይላል። «እጢ» የሚለውን ቃል ይዞ «ቱመር» የሚል ሰው ራሱንም ሐኪሙንም ያስፈራል፤ ምንነቱ ለማይታወቅ እብጠት «ላምፕ» የሚለው ቀላል ቃል ይበቃል፣ አንገት ሥር ላበጠው ደግሞ «ስዎለን ግላንድስ» ይባላል። «ድካም» ሲሉም እንቅልፍና ዕረፍት የሚፈልግ ድካም «ታይርድ» ሲሆን፣ እጅ ወይም እግር ጉልበት ሲያጣ «ዊክ» ነው፤ አንድ ወገን ብቻ ከደከመ «ዊክ ኦን ዋን ሳይድ» የምትለው ሐረግ የአንጎል ደም ዝውውር መቋረጥን የምትጠቁም በመሆኗ ሐኪሙን ከመቀመጫው ታስነሣለች።

በተቃራኒው፣ በአማርኛ አሳጥረን የምንጠራቸውን በሽታዎች በዚያው እጥረታቸው ወደ እንግሊዝኛ መውሰድ ትርጉም የለሽ ያደርጋቸዋል። «ግፊት አለብኝ» የሚል ሰው «አይ ሃቭ ብለድ ፕሬሸር» ቢል ሐኪሙ ፈገግ ይል ይሆናል፤ የደም ግፊት የሌለው ሕያው ሰው የለምና «ሃይ» የሚለው ቃል ሊቀር አይችልም። «ኩላሊት አለብኝ» ማለትም «አይ ሃቭ ኪድኒ» ከሆነ ያው ነው፤ «ኪድኒ ስቶንስ» ይሁን «ኪድኒ ኢንፌክሽን» መለየት አለበት። ስኳር «ዳያቢቲስ» እንጂ «ሹገር» አይደለም። ጨጓራን «ጋስትሪክ» ማለት በስፋት ይሰማል፣ ይህ ግን ቅጽል ስለሆነ ብቻውን አይቆምም፤ ሐኪም ያረጋገጠው ከሆነ «ጋስትራይተስ» ወይም «አልሰር» ይባላል፣ ካልተረጋገጠ ግን የሚሰማውን ስሜት መግለጹ ይሻላል። ጉንፋንን «ፍሉ» ማለትም እንዲሁ ያሳስታል፤ ተራው ጉንፋን «ኮልድ» ነው፣ «ፍሉ» ግን ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን በድንገት ከፍተኛ ትኩሳትና የሰውነት መሰባበር አስከትሎ አልጋ ላይ የሚያውል ሕመም ነው። «ልብ ድካም» የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን ለማንኛውም የልብ ሕመም እንጠቀምበታለን፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሃርት ፌይለር» ልብ ደምን በበቂ መግፋት ያቃተው የቆየ ሁኔታ ነው፣ «ሃርት አታክ» ደግሞ የልብ ጡንቻ ደም ሲቋረጥበት የሚደርስ አደጋ ነው። የቤተሰብ የጤና ታሪክ ሲጠየቁ ሁለቱን ማቀያየር በመዝገብዎ ላይ ለዓመታት ሊቆይ የሚችል ስሕተት ያሰፍራል። እንደ ምች ላሉ፣ በእንግሊዝኛ አንድ አቻ ለሌላቸው ሕመሞች ደግሞ ትርጉም በመፈለግ መድከም አያስፈልግም፤ «ትኩሳት አለኝ፣ ከንፈሬ ዙሪያ ውኃ የቋጠሩ ሽፍታዎች ወጥተዋል» ብሎ የታየውን መናገር ነው፦ «አይ ሃቭ ኤ ፊቨር ኤንድ ብሊስተርስ አራውንድ ማይ ሊፕስ»።

ጊዜን መናገር ላይ አንድ ሰዋስዋዊ ነገር ብቻ አጥብቄ እናገራለሁ። «ካሳለኝ ሦስት ቀኔ ነው» ለማለት ትክክለኛው «አይቭ ሃድ ኤ ኮፍ ፎር ስሪ ደይስ» ነው። ከዚህ ውስጥ «ቭ» የምትለዋ ድምፅ ተውጣ «አይ ሃድ ኤ ኮፍ ፎር ስሪ ደይስ» ከተባለ ግን ሳሉ ሦስት ቀን ቆይቶ አሁን ለቆኛል ማለት ይሆናል። አንዲት ተነባቢ አሁን ያለን ሕመም ያለፈ ታሪክ ታደርገዋለች። ቀሪው ቀላል ነው፦ ለቆይታ «ፎር»፣ ለመነሻ «ሲንስ»፣ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ «ኢት ካምስ ኤንድ ጎውስ»፣ ፋታ የማይሰጥ ከሆነ «ኢትስ ኮንስታንት»፣ እየባሰ ከሆነ «ኢትስ ጌቲንግ ዎርስ»። ትኩሳትን በቁጥር የሚናገሩ ከሆነ አገሩን ይመልከቱ፤ አሜሪካውያን በፋራናይት ስለሚለኩ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ እነርሱ ዘንድ 100.4 ነው። ብሪታንያውያን «ሺ ሃዝ ኤ ቴምፕሬቸር» ሲሉም ሙቀት አላት ማለታቸው ሳይሆን ትኩሳት አላት ማለታቸው ነው።

ግሦችም የየራሳቸው ወሰን አላቸው። «ካች» ለተላላፊ ሕመም ብቻ ይሆናል፤ ጉንፋን «ኮት» ይባላል፣ ካንሰርና ስኳር ግን «ዲቨሎፕ» ይደረጋሉ እንጂ አይያዙም። «ትሪት» ማለት አከመ ነው፣ «ኪዩር» ማለት አዳነ ነው፤ ስለዚህ «ዘ ዶክተር ትሪትድ ሂም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሰውየው ይዳን ይሙት አይናገርም። ቁስልና ስብራት «ሂል» ያደርጋሉ፤ ሰው ከሕመሙ «ሪከቨር» ያደርጋል፣ በተራ ንግግር ደግሞ «ጌት ኦቨር» ይላል። ስለ ሰዎች ስንናገር በሽታውን መጠሪያቸው አለማድረግ ዛሬ የተለመደ ጨዋነት ሆኗል፤ «ኤን ኤፒሌፕቲክ» ከማለት «ኤ ፐርሰን ዊዝ ኤፒሌፕሲ» (የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው) ይመረጣል። መልካም ምኞትንም ቃል በቃል ላለመተርጎም ይጠንቀቁ። «ይማርህ» የሚለውን ከይቅርታ ጋር አያይዞ ለታማሚ «ጎድ ፎርጊቭ ዩ» ማለት ምን በደልሁ ያሰኛል፤ ለታመመ «ጌት ዌል ሱን»፣ ላስነጠሰ «ብሌስ ዩ» ይባላል።

አነባበብ ላይ መጻሕፍት አይረዱም፣ ፊደላቱ ያሳስታሉና። «ኤይክ»ን እንደተጻፈው «አቼ»፣ «ስተመክ»ን «ስቶማች» ብለው የሚያነቡ ብዙ ናቸው። የሳንባ ምች ስም መነሻው ላይ ያለችው ፊደል አትነበብም፣ «ኑሞኒያ» ነው። አስም «አዝማ» ነው፣ ተቅማጥ «ዳየሪያ»፣ ጡንቻ «መስል»፣ ቁስል «ዉውንድ»። ከሁሉም ይልቅ «ዲዚዝ» ላይ ያለችው ሁለተኛዋ ድምፅ «ዝ» መሆኗን ልብ ይበሉ፤ «ስ» ብለው «ዲሲስ» ካሉት ሞት ማለት ይሆናል፣ «ዲሲስት» የተባለ ሰውም ሟች ነው። ቃሉን በጽሑፍ ከማወቅዎ በፊት በድምፅ መስማት፣ ከተቻለም ድምፅ ያለው መዝገበ ቃላት መጠቀም ይህን ዓይነቱን ችግር ከመነሻው ያስቀራል።

ሦስተኛው ጥያቄ ልምምድን የሚመለከት ነው። አብዛኞቹ የመማሪያ ዝርዝሮች ተመሳሳይ ቃላትን በአንድ ገጽ ይደረድራሉ፤ ይህ ለዓይን ያምራል እንጂ ለማስታወስ አይመችም። ቶማስ ቲንክሃም እ.ኤ.አ. በ1993፣ ሮበርት ዋሪንግ ደግሞ በ1997 ባሳተሟቸው ጥናቶች በትርጉም የሚቀራረቡ አዳዲስ ቃላትን በአንድ ጊዜ አብሮ ማጥናት እርስ በርስ ስለሚያደናግራቸው መማሩን እንደሚያዘገይ አሳይተዋል። ስለዚህ «ፔይን»፣ «ኤይክ»፣ «ኸርት» እና «ሶር»ን በአንድ ምሽት ጎን ለጎን አያጥኗቸው። ዛሬ «ኸርት»ን ይያዙ፤ በሚገባ ከተዋሃደዎ በኋላ ሌላውን ያክሉ። ይህ ጽሑፍ ራሱ ልዩነታቸውን ለማሳየት ሲል አንድ ላይ እንደደረደራቸው አልክድም፤ ግንዛቤ አንድ ነገር ነው፣ ጥናት ሌላ ነው።

ቃላቱን በርዕስ ከመመደብ ይልቅ በአንድ የሕመም ታሪክ ዙሪያ ማሰባሰብ ይሻላል። ከዚህ ቀደም በእርግጥ የታመሙትን አንድ ሕመም ይውሰዱና በአማርኛ አምስት ወይም ስድስት ዐረፍተ ነገር አድርገው ይጻፉት። ከዚያ ቃል በቃል ሳይተረጉሙ፣ ከላይ ያየናቸውን ሦስት ቅርጾች እየተጠቀሙ በእንግሊዝኛ እንደገና ይናገሩት። ለምሳሌ «ትናንት ማታ ድንገት ሆዴን ቆረጠኝ፤ እየመጣ ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜ አስታወከኝ፤ ስተኛ ይሻለኛል» የሚለው «አይ ጎት ስተመክ ክራምፕስ ላስት ናይት። ዘይ ኬም ኦን ሰደንሊ። ዘይ ካም ኤንድ ጎ። አይቭ ስሮውን አፕ ትዋይስ። ኢትስ ቤተር ዌን አይ ላይ ዳውን» ይሆናል። ይህን ጮክ ብለው ይናገሩት፤ ድምፅዎን ቀርጸው ያዳምጡት፤ በማግስቱ ቦታውን ከሆድ ወደ ጀርባ፣ ጠባዩን ከቁርጠት ወደ ማቃጠል ቀይረው ይድገሙት። አጽሙ ሳይለወጥ ሥጋው ብቻ ሲለወጥ ምላስ በፍጥነት ይለምዳል።

ታሪኩን የሚያዋቅሩበት ቅደም ተከተል ከፈለጉ ደግሞ የሐኪሞቹን ይዋሱ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሕክምና ተማሪዎች ስለ ሕመም የሚጠይቁትን በፈላስፋው በሶቅራጥስ ስም ፊደላት ያስታውሱታል፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ስምንት ፊደላት አሉት፣ እያንዳንዱም የአንድ ጥያቄ መነሻ ነው። ቦታው የት ነው፣ እንዴት ጀመረ፣ ጠባዩ ምን ዓይነት ነው፣ ወዴት ይዛመታል፣ ከእርሱ ጋር ምን ሌላ ነገር መጣ፣ በጊዜ ሂደት እንዴት ሆነ፣ ምን ያባብሰዋል ምንስ ያስታግሰዋል፣ ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል? ለእነዚህ ስምንት ጥያቄዎች አጭር መልስ አዘጋጅቶ የሚሄድ ሰው ጥያቄው በፍጥነት ቢነገርም ምን ሊጠየቅ እንደሚችል አስቀድሞ ስለሚያውቅ ግማሹን መንገድ ጨርሷል። «ዳዝ ኢት ጎ ኤኒዌር?» ሲባሉ ሕመሙ ወደ ሌላ ቦታ ይዛመታል ወይ መባላቸው እንጂ ወዴት እንደሚሄዱ መጠየቃቸው አለመሆኑን እንዲያውቁ ያህል ይህን እጨምራለሁ።

የሐኪሙን ቃላት በተመለከተ መስማት መቻል ይበቃዎታል፤ መናገር አይጠበቅብዎትም። ጥቂት የግሪክና የላቲን ቅጥያዎች ብዙ በር ይከፍታሉ፤ መጨረሻው «አይተስ» የሆነ ቃል ብግነትን፣ «ኤሚያ» የሆነ የደምን ሁኔታ፣ «አልጂያ» የሆነ ሕመምን ይናገራል። የሕክምና እንግሊዝኛ ሰው እስካልሆኑ ድረስ ከዚህ በላይ በቅጥያ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። ባልገባዎት ነገር ላይ «የስ፣ የስ» እያሉ ራስዎን ከመነቅነቅ ይልቅ ግን ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን እንደ ስምዎ ይያዙ፦ «ኩድ ዩ ሴይ ዛት ኢን ሲምፕል ዎርድስ?» እና «ኩድ ዩ ራይት ዛት ዳውን ፎር ሚ?»። የመድኃኒት መጠንና ሰዓት ሲነገርዎ ደግሞ «ሶ አይ ቴክ ዋን ታብሌት፣ ትዋይስ ኤ ደይ» እያሉ መልሰው ይናገሩት፤ ተሳስተው ከሆነ እዚያው ይታረማሉ። ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ ለመፈረም፣ ከባድ የምርመራ ውጤት ለመስማት ወይም ስለ ሌላ ሰው ሕመም ለመወሰን ከሆነ ግን የእንግሊዝኛዎ ደረጃ ምንም ያህል ቢሆን «አይ ኒድ ኤን ኢንተርፕሬተር፣ ፕሊዝ» ይበሉ፤ አስተርጓሚውም የቤተሰብ አባል ሳይሆን፣ በተለይም ልጅ ሳይሆን፣ በሙያው የሠለጠነ ሰው እንዲሆን ይጠይቁ።